አላነብም ያለው ላፕቶፕ

ባለፈው ጊዜ በዚህ ዓምድ ስለ ላፕቶፕ ባትሪ አያያዝ መነጋገራችንን አንባቢዎቼ አትዘነጉትም። ዛሬ ደግሞ በላፕቶፑ ጎን ተሸጉጣ ስለምትገኘው፣ ዲስክ ጎርሳ ስለምታነበው መሳቢያ እንነጋገራለን። የሙያው ሰዎች ብዙ ስም አውጥተውላታል፤ በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ወደ አንድ የኮምፒውተር ሱቅ ገብተው «ሲዲ ሮም» ካሉ ግን፣ ዲቪዲ የምታነብም ብትሆን የምትጽፍም ብትሆን፣ ሻጩ የፈለጉትን ወዲያው ያውቀዋል። እኛም በዚሁ ስም እንጠራታለን።

«ይህች ነገር ዛሬ ምን ትጠቅማለች? ሁሉም ነገር በፍላሽና በስልክ ሆኗል» የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ፋብሪካዎቹም ይህንኑ ብለው ትተዋታል። አፕል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያለ ሲዲ ሮም የሠራውን ስስ ላፕቶፕ ለዓለም ያሳየው በጥር ወር 2000 ዓ.ም. ነበር፤ እኛ የአዲሱን ሺህ ዓመት መግባት እያከበርን ሳለን ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ተራ በተራ ተከተሉት፤ ዛሬ አዲስ ላፕቶፕ ከነሲዲ ሮሙ ማግኘት ፍለጋ የሚጠይቅ ነገር ሆኗል።

ነገር ግን ፋብሪካው ስለ ተወው በየቤታችን ያለው ዲስክ ይተናልን? እስቲ የቡፌዎን መሳቢያ ይክፈቱ። የሠርግዎ ዲቪዲ አለ። የታናሽ እኅትዎ ምርቃት አለ። በዩኒቨርሲቲ ለተማረው ልጅዎ የመመረቂያ ጽሑፉ የተገለበጠበት ሲዲ አለ። የማሪቱ ለገሰ ዘፈን ወዳጅ ከሆኑም አምባሰሏ ከዚያው ይገኛል፤ (ከአራቱ ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ አምባሰልና ባቲ፣ የዚሁ የወሎ አገር ስሞች መሆናቸውን ለወሎ ሰው መንገር ድፍረት ነው)። ዘፈኑስ ከሌላ ቦታ ይገኛል። ሠርጉ ግን ከየት ይገኛል? ቪዲዮውን ያነሣው ሰው ዋናውን ካጠፋው ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ምናልባትም ሱቁን ዘግቶ ሌላ ሥራ ይዟል። በዚያ ዲስክ ላይ ሙሽራዋን የሚመርቁት አያት ዛሬ በሕይወት ላይኖሩ ይችላሉ፤ ድምፃቸው ያለው እዚያው ብቻ ነው።

በጥቅምት ወር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ከያዘበት ጊዜ ጀምሮ ኅዳር 27 ቀን ከተሞቹ እስኪለቀቁ ድረስ የሆነውን የአገሩ ሰው ያውቀዋል። ከዩኒቨርሲቲው፣ ከሆስፒታሉና ከየመሥሪያ ቤቱ ብዙ ንብረት ሄዷል። ኮምፒውተር የሚወስድ ሰው ያረጀ ዲስክ አይወስድም። ስለዚህ ሃርድ ዲስኩ ከነፎቶግራፉ አብሮ ለሄደበት ቤተ ሰብ፣ በመሳቢያ ተረስቶ የቀረው ዲስክ ከወርቅ የበለጠ ነው።

እንግዲህ ነገሩ እንዲህ ከሆነ፣ ሲዲ ሮሟ አላነብም ባለች ጊዜ ምን ይደረግ? አንዳንዱ «ላፕቶፑ አረጀ» ብሎ ሙሉውን ዕቃ በርካሽ ይሸጠዋል። ሌላው ደግሞ በዲስኩ ፈርዶበት ለልጆች መጫወቻ ይሰጠዋል፣ ወይም ወፍ እንዲያባርርለት ከጓሮው ይሰቅለዋል። ሁለቱም ቸኩለዋል። ከላፕቶፕ ክፍሎች ሁሉ ሲዲ ሮምን ያህል ለመፍታትም ለመተካትም የሚቀል የለም ማለት ይቻላል። በብዙዎቹ ላፕቶፖች ላይ የያዛት አንድ ብሎን ብቻ ነው።

ከመፍታታችን በፊት ግን አሠራሯን ጥቂት እንወቅ፤ አሠራሩን ያላወቀ ሰው ጥፋቱን በማን ላይ እንደሚጭን አያውቅምና። ሲዲ የተባለችውን ዲስክ የሆላንዱ ፊሊፕስና የጃፓኑ ሶኒ ተስማምተው ለገበያ ያቀረቧት እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ስፋቷ 12 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቷ 1.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት። በውስጧ ከመካከል ተነሥቶ ወደ ዳር የሚጠመዘዝ አንድ ረጅም መስመር አለ፤ በአንድ ሚሊ ሜትር ስፋት ውስጥ ከ600 ጊዜ በላይ ይደረደራል። ተዘርግቶ ቢለካ ከ5 ኪሎ ሜትር ያልፋል። የዲቪዲው መስመር ደግሞ ይበልጥ የጠበበ ስለ ሆነ ርዝመቱ ወደ 12 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ከደሴ ፒያሳ ይዘው እየተረተሩ ወደ ኮምቦልቻ ቢወርዱ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ከሆነው መንገድ ግማሽ ገደማ ያደርስዎታል። ይህን ሁሉ የምታነበው ከምስር ፍሬ ብዙም የማትበልጥ አንዲት ሌንስ ናት። ከበታቿ የሚመጣውን የሌዘር ብርሃን በመስመሩ ላይ ታሳርፋለች፤ ዲስኩ ሲሽከረከርም ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየተንቀጠቀጠች መስመሩን ትከተላለች። ሐረጎን በሚኒባስ እየወረዱ በጉልበትዎ ላይ ፊልም ለማየት ሲሞክሩ ሲዲ ሮሟ ለምን እንደምትንተባተብ አሁን ሳይገባዎት አይቀርም።

ዲቪዲ የምታነብ ሲዲ ሮም ሁለት ዓይነት ብርሃን አላት፤ አንዱ ለሲዲ፣ አንዱ ለዲቪዲ። ስለዚህ ሲዲውን ደኅና አድርጋ እያነበበች ዲቪዲውን ሁሉ እንቢ ካለች፣ ወይም ነገሩ በተገላቢጦሽ ከሆነ፣ ከሁለቱ ብርሃኖች አንዱ ደክሟል ማለት ነውና መለወጧ አይቀርም። ሁለቱንም እንቢ ካለች ግን ለመፍረድ አይቸኩሉ። መጀመሪያ ሌላ ቤት ሲሠራ ያዩትን ዲስክ ይዘው ይምጡና ይሞክሩባት። ያንን ካነበበች ጥፋቱ የእርስዎ ዲስክ ነው። ያንንም ካላነበበች ላፕቶፑን አጥፍተው መሳቢያዋን ይሳቡና ሌንሷን በብርሃን ይዩአት። አቧራ ወይም ጭጋግ ካለባት፣ ከፋርማሲ የሚገዛውን ንጹሕ አልኮል በጥቂቱ የነካ የጆሮ ጥጥ ይዘው፣ የሕፃን ዐይን እንደሚጠርጉ ያህል ቀስ ብለው ይጥረጉአት። አረቄም አልኮል ነው ብለው የሚፈላሰፉ አይጠፉም፤ አረቄው በሌንሷ ላይ የሚያስቀረው ዝቃጭ ስላለ ለሌላ ጉዳይ ይቆይ።

የደሴን ብርድም አንርሳ። በክረምት ጧት፣ ጉሙ ከጦሳ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍን፣ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ክፍል ያደረውን ላፕቶፕ ጀበና ወደሚፈላበት ሞቃት ቤት ካስገቡት፣ እንደ መነጽር ሁሉ ሌንሷ በእንፋሎት ልትሸፈን ትችላለች። ግማሽ ሰዓት ያህል ታግሠው ቢከፍቱት ያለ ማንም ጠጋኝ ይድናል።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ፕሮግራሙ ነው። ሲዲ ሮሟ ድምፅ እያሰማች፣ መሳቢያዋም እየተከፈተ፣ ኮምፒውተሩ ግን ከነጭራሹ «የለችም» የሚል ከሆነ፣ ዲስክ የሚጽፍ ፕሮግራም ጭነው ወይም አጥፍተው እንደ ሆነ ያስታውሱ። በዊንዶውስ ላይ እንዲህ ያለው ፕሮግራም መንገዱን ዘግቶባት የሚሄድበት ጊዜ አለ፤ ይህ ያለ ገንዘብ የሚስተካከል ነገር ነው። ለመለየትም ቀላል ነው፤ ላፕቶፑ ሲነሣ፣ ዊንዶውስ ከመግባቱ በፊት በሚታየው የማስተካከያ ገጽ ላይ ስሟ ከተጻፈ ዕቃው ከነሕይወቱ አለ ማለት ነው።

መሳቢያዋ ተቆልፋ ዲስክዎን ውጣ ከቀረችስ? ከፊቷ ላይ መርፌ የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳ ትታያለች። ላፕቶፑን ያጥፉ፤ የወረቀት ክሊፕ ያቅኑና በዚያ ቀዳዳ ቀጥ አድርገው ይግፉ፤ ተስፈንጥራ ትከፈታለች። በቢላዋ የሚፈለቅቁ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን መናገሬ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። የሲዲ ሮሟ ሞት ከተረጋገጠ፣ ምትክ ከመግዛትዎ በፊት አሮጌዋን አውጥተው በእጅዎ ይያዙአት። ላፕቶፑን ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ ባትሪውንም ያውጡ። እጅዎን አንድ ብረት አስነክተው በሰውነትዎ ያለውን ኤሌክትሪክ ያራግፉ። ላፕቶፑን ለስላሳ ጨርቅ ላይ በጀርባው ይገልብጡት። ሲዲ ሮሟ ባለችበት በኩል፣ ብዙ ጊዜ ወደ መካከል ጠጋ ብሎ፣ አንድ ብሎን ያገኛሉ፤ በአንዳንዶቹ ላይ ከብሎኑ አጠገብ የዲስክ ሥዕል ተቀርጿል። በትንሽ ባለ መስቀል ካቻቢቴ ይፍቱት። (ካቻቢቴ የምንላት ከኢጣልያንኛ የወረስናትን ነው፤ ኢጣልያኖች መንገዱን ሲሠሩ የመጣች ቃል ናት ቢሉ አልከራከርም፤ መንገዱም ቃሉም ቀሩ።) ከዚያ ሲዲ ሮሟን ወደ ውጭ በቀስታ ይሳቡ፤ እንደ ክብሪት ሳጥን መሳቢያ ተንሸራትታ ትወጣለች። ካልወጣች ሌላ ብሎን ቀርቷልና አይጎትቱ። የአፕል ላፕቶፖችና አንዳንድ ስስ ላፕቶፖች ግን በዚህ መንገድ አይወጡም፤ ሙሉ ጀርባቸው መከፈት ስላለበት ለባለሙያ ይተዉአቸው።

በእጅዎ ስትይዟት ሦስት ነገር ይመልከቱ። ከሁሉ በፊት ውፍረቷን በማስመሪያ ይለኩ። የላፕቶፕ ሲዲ ሮሞች በብዛት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ 12.7 ሚሊ ሜትርና 9.5 ሚሊ ሜትር። ወፍራሙ በቀጭኑ ቦታ ጨርሶ አይገባም፤ ቀጭኑ በወፍራሙ ቦታ ቢገባም ይወላለቃል። ቀጥሎ ከኋላዋ ያለውን መያያዣ ይዩ። ከ2000 ዓ.ም. ገደማ በፊት በተሠሩት ብዙ ላፕቶፖች ላይ ጥቃቅን ጥርሶች የተደረደሩበት አይ ዲ ኢ የሚባለው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያሉት ግን ሁለት ጠፍጣፋ ምላስ ያለው ሳታ የሚባለው ነው። ሁለቱ በምንም አይገናኙም። በመጨረሻም አፏ በመሳቢያ የሚከፈት ነው ወይስ ዲስኩን በስንጥቅ የሚውጥ? እነዚህ ሦስቱ ከተስማሙ፣ የሲዲ ሮሟ ስም ሳምሰንግ ይሁን ኤል ጂ ብዙ አያስጨንቅዎ። ከሌላ ዓይነት ላፕቶፕ የወጣችም ትሠራለች።

አንድ ነገር ብቻ ትቀራለች፤ የፊቷ ሽፋን። ይህ ፕላስቲክ ከላፕቶፑ ጎን ጋር እንዲመሳሰል ሆኖ በየዓይነቱ የተቀረጸ ስለ ሆነ፣ የአሮጌዋን ሽፋን መሳቢያዋን ከፍተው ሦስት የምትሆኑትን መንጠቆዎች ገፋ ገፋ አድርገው ያላቅቁና ለአዲሷ ያልብሷት። ከኋላዋ ብሎኑን የሚይዝ ትንሽ ብረት አለ፤ እርሱንም ወደ አዲሷ ያዛውሩ። ይህን ብረት አሮጌዋ ላይ ትቶ አሮጌዋን የሚጥል ሰው፣ አዲሷ በየጊዜው እየተንሸራተተች ስትወጣበት ይኖራል። ከዚያ ወደ ቦታዋ ገፍተው ብሎኑን ይሰሩ፤ ባትሪውን መልሰው ይክፈቱ። ዊንዶውስ ራሱ ያውቃታል። ሥራው ሁሉ ቡና እስኪቆላ ድረስ ያልቃል።

ምትኳን ከየት ያገኛሉ? ብዙ ጊዜ ከሞተ ላፕቶፕ ላይ ነው። ሰሌዳው የተቃጠለ ወይም መስታወቱ የተሰበረ ላፕቶፕ በየጠጋኙ ሱቅ ተቆልሎ ይገኛል፤ ሲዲ ሮሙ ግን ደኅና ሊሆን ይችላል። ሲሄዱ ሁለት ዲስክ ይያዙ፤ አንዱ ከፋብሪካ የታተመ፣ ሌላው በቤት የተጻፈ። በቤት የተጻፈው ለማንበብ የሚከብድ ስለ ሆነ የደከመችውን የሚያጋልጠው እርሱ ነው። ሁለቱም እስከ መጨረሻው ሳይነበቡ ገንዘብ አይቁጠሩ። የዕቃውንና የእጁን ዋጋ ለየብቻ ይነጋገሩ። ላፕቶፑን ትተው የሚሄዱ ከሆነም የሚሞሪውን መጠንና የሃርድ ዲስኩን ቁጥር በወረቀት ጽፈው፣ ጠጋኙ እያየ ኪስዎ ይክተቱ። ታማኝ ጠጋኝ በዚህ አይቀየምም።

አሁን ግን አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ። ሲዲ ሮሟን ለምን ፈለጉአት? መልስዎ «ያሉኝን ሃያ ዲስኮች ገልብጬ ልገላገል» ከሆነ፣ ላፕቶፑን ከመፍታት ይልቅ በዩ ኤስ ቢ ገመድ ከውጭ የምትሰካ ሲዲ ሮም ይግዙ ወይም ይዋሱ። ለእርስዎም፣ ኮምቦልቻ ላለችው እኅትዎም፣ ለጎረቤትም ታገለግላለች፤ ሲዲ ሮም በሌለው አዲስ ላፕቶፕም ላይ ትሠራለች። አንድ ሶኬት ብቻ ኃይል ካነሳት፣ ሁለት ራስ ያለውን ገመድ ከሁለት ሶኬት ይሰኩላት።

ተማሪ ከሆኑና ላፕቶፑ ለመነሣት እንጀራ የሚጋገርበት ያህል ጊዜ የሚወስድብዎ ከሆነ ደግሞ የተሻለ ዘዴ አለ፤ እኔ በበኩሌ ከሁሉ የምመርጠው ይኸኛውን ነው። ካዲ የሚባል፣ ቅርጹ ሲዲ ሮምን የሚመስል ባዶ ቤት አለ። ነባሩን ሃርድ ዲስክ አውጥተው በካዲው ውስጥ ያደርጉና በሲዲ ሮሟ ቦታ ያስገቡታል፤ በነባሩ ቦታ ላይ ኤስ ኤስ ዲ የተባለውን የማይሽከረከር አዲስ ዲስክ ይተክሉና ዊንዶውስን በእርሱ ላይ ይጭናሉ። አሥር ዓመት ያለፈው ላፕቶፕ ሌላ ዕቃ የሆነ ያህል ይፈጥናል። ካዲም እንደ ሲዲ ሮሟ ሁሉ 12.7 እና 9.5 ሚሊ ሜትር አለው፤ ልኩን አይርሱ። የወጣችውን ደኅና ሲዲ ሮምም አይጣሉአት፤ የዩ ኤስ ቢ ገመድ ያለው ልብስ ይሸጥላታል፤ ከውጭ ትሰካለች።

ወደ ዲስኮቹ እንመለስ። ያነበበች ሲዲ ሮም ባገኙበት በዚያው ቀን ይገልብጡ፤ ነገ አይበሉ። በሠርግ ዲቪዲ ውስጥ ቪዲዮ ቲ ኤስ የሚል ፎልደር ያገኛሉ፤ ከነሙሉ ፎልደሩ ይገልብጡት። ሠርጉ በውስጡ እያንዳንዳቸው ከ1 ጊጋ ባይት በማይበልጡ ቁርጥራጮች ስለ ተከፋፈለ፣ አንዱን ብቻ ወስደው «ጨረስኩ» ቢሉ ሙሽራው ሳይደርስ ሠርጉ ያልቃል። አንድ ዲቪዲ ብዙ ጊዜ 4.7 ጊጋ ባይት ስለሚይዝ ሰፋ ያለ ፍላሽ ያዘጋጁ። የድሮው ቪሲዲ ከሆነ ኤም ፔግ ኤ ቪ በሚለው ፎልደር ውስጥ ያለውን ትልቁን ፋይል ይውሰዱ። ሁለቱንም ቪ ኤል ሲ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ያጫውታቸዋል።

መካከል ላይ ደርሶ የሚቆም ዲስክ ካጋጠመዎ ተስፋ አይቁረጡ። በለስላሳ ጨርቅ ከመካከል ወደ ዳር ቀጥ አድርገው ይጥረጉት፤ እያዞሩ መጥረግ መስመሩን ተከትሎ ስለሚቧጭር ይጎዳዋል። ካልሆነም በሌላ ሲዲ ሮም ይሞክሩት፤ አንዷ እንቢ ያለችውን ሌላዋ ስታነብ ማየት የተለመደ ነው። የሲዲ መረጃ ያለው ብዙ ሰው እንደሚመስለው በሚያብረቀርቀው ወገን አይደለም፤ ስም ከሚጻፍበት ወገን በታች፣ ከስስ ቀለም ሥር ነው። ስለዚህ በታች በኩል ያለ ጭረት ብዙ ጊዜ ይታለፋል፤ በላይ በኩል በእስክሪብቶ ተጭኖ «የአልማዝ ሠርግ» ብሎ የጻፈ ሰው ግን ሠርጉን እየፋቀ ሊሆን ይችላል። በዲቪዲ ላይ መረጃው በሁለት ፕላስቲኮች መካከል ስለ ተቀበረ ከዚህ አደጋ ይሻላል፤ ፀሐይ ግን በቤት የተጻፈውን ሁሉ ያደበዝዛል።

ኢጣልያኖች ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴን ከአየር በቦምብ ሲደበድቡ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በከተማው ነበሩ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ደሴ ላይ ከመትረየስ አጠገብ የታዩበት ፎቶግራፍ እስከ ዛሬ የቆየን አንድ ሰው በሣጥኑ ቆልፎ ስላኖረው ሳይሆን፣ በየአገሩ ጋዜጣ ስለ ተባዛ ነው። የእርስዎን ሠርግ ጋዜጣ አያባዛልዎትም። አንዱን ቅጂ በሃርድ ዲስክዎ፣ ሁለተኛውን በፍላሽ አድርገው በሌላ ቤት ያኑሩ፤ እርስዎ ደሴ ከሆኑ ኮምቦልቻ ዘመድ ዘንድ፣ ኮምቦልቻ ከሆኑ ደሴ። በዓረብ አገር ያለች እኅት ወይም ልጅ ካለችም ሦስተኛውን በስልኳ ይላኩላት፤ እናትና አባቷ ሲጨፍሩ ማየት ትወዳለች። ፍላሹንም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለምሳሌ በእንቁጣጣሽ ሰሞን፣ ሰክተው መነበቡን ይዩ፤ ዲስኮቹን ደግሞ በየልባሳቸው ከተው፣ ከመስኮት ራቅ አድርገው፣ አቁመው ያስቀምጧቸው።